ራሴ የተከልኳቸው፣ ራሴም ያስከለከልኳቸው ጥዶች እንዲቆረጡ

አፕሪል 11 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.)

ለኦኩሂራ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ከንቲባው
ኦኩሂራ

አመልካች፦ ሺጌማሳ ኩሩማዳ፣ ዕድሜ 74፣ ጡረታ የወጣ የደን ሠራተኛ
አድራሻ፦ የላይኛው ወንዝ ሰፈር፣ የቤት ቁጥር 17

ጉዳዩ፦ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው የጥድ ደን በሕፃናት መተንፈሻ አካል ላይ አለርጂ እያስከተለ ስለሆነ፣ ደኑ እንዳይነካ በ2003 በእኔው አቤቱታ የወጣው ደንብ እንዲሻርልኝ፤ እንዲሁም ያለ ፈቃድ ስለቆረጥኩት አንድ ዛፍ የተጠየቅሁትን ማብራሪያ ስለመስጠት።

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በ1962 ጸደይ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ ከሌሎች አሥር ወጣቶች ጋር ሆኜ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ከእግሩ እስከ አናቱ ጥድ ያለበስኩ ሰው ነኝ። በዚያ ዘመን አገሩ እንጨት አጥቶ ነበር። ትከሉ አሉን፣ ተከልን። ጥድ አድጎ ሲያብብ ቢጫ ብናኝ እንደሚበትን የነገረን ሰው አልነበረም፤ ቢነግሩንም የምንሰማ አይመስለኝም፣ ሁላችንም ጤነኛ አፍንጫ ነበረን። ችግኙን በጀርባቸው ተሸክመው የሚያቀብሉን ልጃገረዶች ነበሩ። አንዷ ችግኝ ባቀበለችኝ ቁጥር ቆማ ታየኝና “አጣመምከው” ትለኛለች። ስሟ ፉሳኖ ነበር። በኋላ አገባኋት፤ አርባ ዓመት ገደማም ይህንኑ ስትለኝ ኖረች።

2. በ2003 ጽሕፈት ቤቱ ያንን ደን ቆርጦ የመኪና ማቆሚያ ሊሠራበት አሰበ። ፉሳኖ ያረፈችው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። እኔ በየጠዋቱ እየሄድኩ ከዛፎቹ መካከል እቀመጥ ስለነበር፣ ወሬውን ስሰማ ደሜ ፈላ። አቤቱታ ጻፍኩ፣ ቤት ለቤት ዞሬ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አስፈረምኩ። ምክር ቤቱም “ይህ ደን ለዘለዓለም አይነካም” የሚል ደንብ አወጣ። በዚያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም፤ ጎረቤቶቼን ሩዝ በባቄላ ቀቅዬ አብልቻለሁ።

3. የልጅ ልጄ ኢቶሃ ስምንት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ከሳዮ (ከአንድዬ ልጄ) እና ከአባቷ ከዮሪቶ ጋር በእኔ ቤት ነው የተወለደችውና ያደገችው። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ፌብሩዋሪ ሊያልቅ ሲል አፍንጫዋ ይዘጋል፣ ዓይኗ ቀልቶ ያብጣል፣ ማስነጠስ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ሶፍት ጠቅልላ በሁለቱም የአፍንጫዋ ቀዳዳ ወትፋ ትቀመጥና “አባባ፣ ዝሆን ሆኛለሁ” ትለኛለች። አፍንጫዋ ሲዘጋ “መ” የሚባለው ፊደል ጨርሶ ይጠፋባታል። “እማዬ!” ብላ ስትጣራ የሚሰማው “እባዬ!” ስለሆነ፣ አባቷ “አቤት! መጣሁ!” እያለ ከነሳሙናው ከመታጠቢያ ቤት ብቅ ይላል፤ እናቷ ደግሞ እኔን አልጠራችኝም ብላ ቁጭ ትላለች። በዚህ ስንስቅ ሁለት ዓመት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ደረቷ ሲተነፍስ ያፏጭ ጀመር፤ ሳቁም ያኔ ቆመ።

4. እውነቱን ለመናገር፣ ጥዱን ለመጠርጠር አልደፈርኩም። መጀመሪያ ጥፋተኛው ድመታችን ነው ብዬ ለጎረቤት ሰጠሁት። ድመቱ ሄደ፣ ማስነጠሱ ግን እኛው ዘንድ ቀረ። ቀጥዬ ምንጣፉን አወጣሁ። ከዚያ ትራሱን ቀየርኩ። ከዚያ የአማቼን የፀጉር ቅባት ሰብስቤ ደበቅሁ። ዮሪቶ ትሑት ሰው ነው፤ “አባባ፣ ቅባቴን አይተዋል?” አለኝ። “ለልጅህ ጤና ነው” አልኩት። “አባባ፣ ሲያስነጥሳት እኮ መስኮት ሲከፈት ነው” አለኝ። መስኮቱን ዘጋሁና ወሬውን አስቀየርኩ።

5. ዘንድሮ በፌብሩዋሪ ወር ዶ/ር ኒሺዛኮ ኢቶሃን መርምረው ነገሩን በግልጽ ነገሩን። “የጥድ ብናኝ አለርጂ ነው። ወደ ሳንባዋም ወርዶ አስም እያስነሳባት ነው” አሉ። የሚዋጥ መድኃኒት አዘዙ፣ ሲያፍናት በአፏ የሚማግ መድኃኒትም ሰጧት። “ማስክ ታድርግ፣ ከውጭ ስትገባ ልብሷን ታራግፍ፣ በተቻለ መጠን ከጥድ ትራቅ” አሉን።

“ዶክተር፣ ከጥድ የሚራቀው በየት በኩል ነው?” ስል ጠየቅኋቸው።

ዶክተሯ በመስኮት አዩ። በመስኮቱ የሚታየው ጥድ ብቻ ነው። ዞር ብለው ሌላውን መስኮት አዩ። በመጨረሻ “ኦኪናዋ” አሉ።

ኦኪናዋ ይህ ጥድ የሌለበት፣ በአውሮፕላን የሚኬድበት የባሕር ማዶ ደሴት ነው። ዮሪቶ የማቀዝቀዣ መካኒክ ስለሆነ ከዚያ ሥራ ሲጠሩት ዓመት አልፎት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ “አባባን ትተን የት እንሄዳለን” ይል ነበር። ከክሊኒኩ ስንመለስ ግን በመኪናው ውስጥ ይህን አልደገመውም፤ ኢቶሃ ብቻ ታስነጥስ ነበር።

6. በማግስቱ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደን ክፍል መጣሁ። አቶ ሞሪዋኪ የተባሉት ወጣት ሠራተኛ በማስክ ላይ ማስክ ደርበው በትሕትና ተቀበሉኝ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ደን እንዲቆረጥ እፈልጋለሁ ስላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

“ጋሽ ኩሩማዳ፣ እሱን ደን እንኳን መንካት አይቻልም። አንድ በጣም አስቸጋሪ ሰው አስከልክሎታል” አሉኝ።

“ማነው እሱ?” አልኩ።

ፋይል አወጡ፣ ገለጡት። ከዚያ ፋይሉን አዙረው አሳዩኝ። ፊርማው የኔ ነው።

“ላንብብልዎት?”

“አያስፈልግም።”

“ግን እኮ በጣም ጥሩ ነው የተጻፈው” ብለው ቆመው አነበቡት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማ። “አንደኛ፣ ጥድ ከተፈጠረ ጀምሮ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ሁለተኛ፣ እነዚህ ዛፎች የተተከሉት ለልጅ ልጆቻችን ነው። ሦስተኛ፣ በእነዚህ ዛፎች ላይ መጋዝ የሚያነሣ እጅ አስቀድሞ እኔን ይቁረጥ።” ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ከወረፋው ያጨበጨበ ሰው ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከባለጋራ ጋር ተከራክሬ አውቃለሁ። ባለጋራዬ ራሴ ሆኜ፣ ያውም በዕድሜ ከእኔ አሥራ ስድስት ዓመት የሚያንስና የሚያምር እጅ ጽሕፈት ያለው ሰው ሆኖ ሲገጥመኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አቶ ሞሪዋኪ እንዳስረዱኝ፣ ደንቡ የሚሻረው ያን ጊዜ ከፈረሙትና ዛሬም በከተማው ከሚኖሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሐሳባቸውን መለወጣቸውን በፊርማ ሲያረጋግጡ ነው፤ ምክር ቤቱ የሚሰበሰበውም በጁን ወር ነው።

“በጁን እኮ ብናኙ አልቋል” አልኳቸው።

“እሱማ ጥሩ ነው” አሉ፣ ማስካቸውን ገልጠው አፍንጫቸውን እየጠረጉ። “ያኔ የሚያስነጥስ ሰው ስለማይኖር ጉዳዩ በእርጋታ ይታያል።”

“እርስዎም አለርጂ አለብዎት እንዴ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ኧረ እኔስ ጉንፋን ነው” አሉኝ።

7. እዚህ ላይ ስለ ጉንፋን አንድ ነገር እንዳነሣ ይፈቀድልኝ። ከተማችን በጥድ እንጨት የምትኖር ስለሆነች በኦኩሂራ አለርጂ አለብኝ የሚል ሰው የለም፤ ያለው ሦስት ወር የሚቆይ ጉንፋን ነው። እንጨት ሰንጣቂው ጉንፋን ይዞታል። ቶፉ ሻጯ ጉንፋን ይዟታል። ክቡርነትዎም ዘንድሮ የጥድ በዓልን በንግግር ሲከፍቱ አሥራ አንድ ጊዜ “ይቅርታ፣ ጉንፋን ነው” ብለዋል። ይህ ጉንፋን በየዓመቱ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዞ በሜይ መባቻ እንደሚለቅዎ ሕዝቡ ያውቃል፤ ይህንንም የምለው በሐሜት ሳይሆን በማዘን ነው። ትልቅ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ይችለዋል። ሕፃን ግን ለምን እንደማይተነፍስ ምክንያት መፍጠር አይችልም።

8. አሁን ወደ ተጠየቅሁት ማብራሪያ እገባለሁ። ማርች 6 ቀን ጠዋት፣ በኢቶሃ የመማሪያ ክፍል መስኮት ፊት ለፊት የቆመውን ጥድ ቆርጫለሁ። ጥፋቴን አምናለሁ። የሞተር መጋዝ ብጠቀም ድምፁ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ስለሚሰማ በእጅ መጋዝ ነው የሠራሁት፤ ከመጀመሪያው ደወል እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀብኝ። ርእሰ መምህሯ ወ/ሮ ታካሙኔ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ መስኮት ከፍተው “ጋሽ ኩሩማዳ፣ ምን እያደረጉ ነው?” አሉኝ።

“ቅርንጫፍ እየመለመልኩ ነው” አልኩ።

“ከግንዱ ጀምሮ ነው እንዴ የሚመለመለው?”

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዛፉ መሰንጠቅ ጀመረ። ከዛፉ ሥር ሰው አለመኖሩን አስቀድሜ አረጋግጬ ነበር። ሃምሳ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነውና ዛፉን ወደ ኮረብታው፣ ባሰብኩት ስንዝር ላይ ጣልኩት፤ አንድ የመስኮት መስታወት አልተነካም። ልጆቹ በመስኮት አጨበጨቡልኝ። ኢቶሃ ሁለት እጇን አንሥታ ስትዘል አየኋት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስታ የተሰማኝ ጥቂት ጊዜ ነው፤ የቆየውም እስከ ስድስት ድረስ ለመቁጠር ያህል ነው።

ነፋሱን አላሰብኩትም ነበር። በማርች ወር ጥድ ከነአበባው ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከወደቀበት ቦታ ቢጫ ደመና ተነሣ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ቆም ብሎ ያሰበ መሰለ፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ጭብጨባው ወደ ማስነጠስ ተለወጠ። ወ/ሮ ታካሙኔ መስኮቱን ግማሽ ድረስ ዘግተው፣ ሲያስነጥሳቸው መልሰው ከፈቱት። ሊይዘኝ የመጣው ፖሊስ ስሜን እየጻፈ አራት ጊዜ አቋረጠ፤ በመጨረሻ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሰጥቶኝ ራሴ ሞላሁት። በፖሊስ ጣቢያው ያለው ቃሌ በእጄ ጽሕፈት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

9. ኢቶሃን ግን ወደ ክሊኒክ ወሰዷት። እኔ ስደርስ አልጋ ላይ ተቀምጣ በጭንብል የእንፋሎት መድኃኒት ትስብ ነበር። ትከሻዋ በየትንፋሹ ወደ ላይ ይነሣ ነበር። ዮሪቶ እግሯን ይዞ ቆሟል። ሳዮ ቀና ብላ አየችኝ፤ “አባዬ፣ እባክህ ከእንግዲህ አትርዳን” አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወደ በሩ ተመለስኩና ከዣንጥላ ማስቀመጫው አጠገብ ቆምኩ፣ ልብሴ ላይ ያለው ብናኝ ወደ እሷ እንዳይሄድ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭንብሉ ሲወልቅላት በምልክት ጠራችኝ። “አባባ፣ በኖቬምበር ነበር የሚቆረጠው። ያኔ አበባው አልተከፈተም” አለችኝ።

“ማን ነገረሽ?”

“መምህራችን። አንተ አታውቅም ነበር?”

“አውቅ ነበር” አልኳት።

“ታዲያ?”

ክቡር ሆይ፣ ከፖሊስም ከጽሕፈት ቤትዎም ለቀረበልኝ ጥያቄ ሁሉ መልስ አለኝ። ለዚያች “ታዲያ” ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ቸኩዬ ነበር። ኦኪናዋ እንዳይሄዱብኝ ቸኩዬ ነበር።

10. ማርች 29 ቀን ሄዱ። በአውቶቡስ ጣቢያው የኢቶሃ ዓይኖች እንደ ቧንቧ ይፈሱ ነበር። “እያለቀስሽ ነው ወይስ አለርጂው ነው?” ብላት “ሁለቱም” አለችኝ። ሳዮ አቅፋኝ “አባዬ፣ የዚያን ዕለት የተናገርኩትን ተወው” አለችኝ። ዮሪቶ የፀጉር ቅባቱን የት እንደደበቅሁት ጠየቀኝ፤ እኔም ረስቼዋለሁ። አውቶቡሱ ሲዞር ትኬት ቆራጩ “ጋሽዬ፣ ምነው ዓይንዎ?” አለኝ። ጉንፋን ነው አልኩት።

11. ክቡርነትዎ፣ ልጅቱ ከሄደች ይህ ሽማግሌ አሁን ምን ፈልጎ ነው የሚጽፈው እንደሚሉ እገምታለሁ። እኔም ብዬው ነበር። ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በአራተኛው ቀን ወ/ሮ ታካሙኔ በሬን አንኳኩ። ሊቆጡኝ የመጡ መስሎኝ ቀድሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸው ግን የትምህርት ቤቱ ነርስ ያዘጋጀችውን ዝርዝር ከቦርሳቸው አወጡ። ከሃምሳ ስምንቱ ተማሪዎች ሃያ ሰባቱ በየጸደዩ የሚያስነጥሱ ናቸው፤ ስድስቱ የሚማግ መድኃኒት በደብተር ቦርሳቸው ይይዛሉ።

“እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?” አልኳቸው።

“ከተማውን ማስቀየም ፈራሁ። እርስዎ መጋዝ ይዘው ሲመጡ ነው ያፈርኩት” አሉኝ። “አቆራረጥዎ ግን በጣም መጥፎ ሐሳብ ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“በጣም።”

ሻይ አፍልቼላቸው ዝርዝሩን ስም በስም አነበብን። የማላውቀው የአባት ስም በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ሁሉም አብረውኝ የተከሉ፣ ወይም አብረውኝ የፈረሙ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው።

12. ስለዚህ እንደገና ቤት ለቤት ዞርኩ። በ2003 ከፈረሙት ውስጥ ዛሬ በከተማው ያሉት ሁለት መቶ ሰባት ናቸው። ያን ጊዜ ያስፈረምኳቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ቆሜ “ያን ጊዜ ተሳስቻለሁ” ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት መቶ ሰባት ጊዜ። መጀመሪያው ቤት ላይ ጫማዬን እያየሁ ተናገርኩት፣ ሃምሳኛው ላይ ለመድኩት፣ መቶኛው ላይ ማለቱን ወደድኩት መሰለኝ። ቶፉ ሻጯ ወ/ሮ ኢናሚ በሩን ከፍተው ገና ሳልናገር “እንትኑን አምጣው” ብለው ፈረሙ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ጉንፋን አይደለም፤ ከያዘኝ ሠላሳ ዓመቴ ነው” አሉኝ። መቶ ስድሳ ሦስት ሰው ፈርሟል። ፊርማው፣ የነርሷ ዝርዝርና የዶ/ር ኒሺዛኮ ማስረጃ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። ወረቀቱ ላይ እርጥበት ያለባቸው ቦታዎች ቢታዩ ዝናብ አይደለም።

13. አቶ ሞሪዋኪ ፊርማውን ሳሳያቸው “ጋሽ ኩሩማዳ፣ ተራራው በሙሉ ጥድ ነው፤ አንድ ኮረብታ ቢቆረጥ ምን ይጠቅማል?” ብለው በቅንነት ጠይቀውኛል። ተራራውን በሙሉ ይቁረጡልኝ አላልኩም። ዶክተሯ እንዳሉት፣ መስኮት ሥር የቆመና ተራራ ማዶ የቆመ ጥድ እኩል አይደለም። ከልጆቹ መስኮት ሥር ያለውን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ እኔም የምጠይቀው ስለዚያ ነው።

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት ክቡርነትዎን የምለምነው የሚከተለውን ነው።

ሀ. የ2003ቱ ደንብ በጁን ጉባኤ እንዲሻር፤ የዚያን ጊዜው አመልካች ቢቃወም፣ እኔ አነጋግረዋለሁ።

ለ. ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያሉት ጥዶች በኖቬምበር ወር፣ አበባቸው ሳይከፈት፣ በባለሙያ እንዲቆረጡ። ሐሳቡ የእኔ ሳይሆን የኢቶሃ መሆኑ በቃለ ጉባኤው እንዲመዘገብልኝ።

ሐ. በቦታው ሌላ ዛፍ ሲተከል፣ ከመትከል በፊት ሐኪም እንዲጠየቅ። እኛ በ1962 የጠየቅነው አናጺ ብቻ ነበር።

መ. ስለቆረጥኩት ዛፍ የሚወሰንብኝን ቅጣት ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ይሁንና ጉድጓድ መቆፈርና ችግኝ መሸከም በቅጣትነት ቢታሰብልኝ ጉልበቱ አለኝ።

በመጨረሻም፣ ባለፈው እሑድ ኢቶሃ ደውላልኝ ነበር። “አባባ፣ ባሕር ይሸታል እኮ! ለምን አልነገራችሁኝም?” አለችኝ። በማርች እና በአፕሪል ወር ዓለም ሽታ እንዳላት እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። ደስ አለኝ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ ቤቱ ሰፋብኝ። በጁላይ በሚጀምረው የበጋ ዕረፍት ትመጣለች፣ ያኔ ብናኝ የለም። ነገር ግን እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ልጅቱ በአራቱም ወቅት እንድትመጣልኝ እፈልጋለሁ። ለዚህም ሲባል ውሳኔው እንዳይዘገይብኝ፣ ስለራሴም ሆነ ስለ ሃያ ሰባቱ ልጆች፣ ዝቅ ብዬ አመለክታለሁ።

ለክቡርነትዎ ካለኝ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማና ማኅተም)
ሺጌማሳ ኩሩማዳ